ለአባባ ለብቻው የተሠራ ሙቅማድ

— ሄሎ? … ናዝሬት! እኔማ ስልኩ ሲጮህ ልቤ ቀጥ አለ። አባባ እንዴት አደረ? እሱን ሐረር ሆስፒታል አስተኝተን ጅጅጋ የተመለስን ጊዜ፣ የሰፈራችን ልጅ አንቺ እዚያው ነርስ ነሽ ብዬ ነው የተጽናናሁት።

— የልቡ የደም ሥር? … ተደፍኖ? በምን? አባባ እኮ ቅቤ ከቀመሰ ሦስት ዓመቱ ነው! ሐኪሙ «ቅቤ ቀንሱ» ያለው ቀን ነው ያስቆምኩት።

— ምን ይበላል? ያው ሙቅማዱን ነዋ። ያለ እሱ ቁርስ አይሆንለትም። አንቺስ ልጅ ሆነሽ ስንቱን ሰርቀሽናል! ዛሬም የሙቅማዱ ሥጋ ተቆራርጦ ደርቆ ተጠብሷል፤ ዐኒሳ የሚፈስበትን ቅባት እያቀለጠች ነው። በሰባት ሰዓቱ ሚኒባስ እልክልሻለሁ።

— በቅቤ አይደለም አልኩሽ! በቆርቆሮው ነው። የአትክልት ቅቤ የሚሉት፣ ነጩ፣ የሚረጋው… ቅጠል ተስሎበታል እኮ!

— ላንብብልሽ? ዐኒሳ፣ ቆርቆሮውን አቀብይኝ። … የወንድሜ ሚስት ናት፣ ሰላም ብላሻለች። … ይኸው፣ በትልቁ «ኮሌስትሮል የለውም» ይላል። … ከታች? ጽሑፉ ደቃቅ ነው… «በከፊል… ሃይድሮጅን የገባበት… የአትክልት ዘይት»።

— ናዝሬት? እንደገና ላንብበው? «በከፊል ሃይድሮጅን የገባበት» ነው የሚለው።

— ትራንስ ምን? … ትራንስ ፋት። … ዘይቱ እንዲረጋ ብለው ሃይድሮጅን ሲከቱበት ነው የሚፈጠረው? … መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ደጉን ዝቅ? … ከቅቤም ይብሳል? ወላሂ በይ!

— ቆይ ቆይ… ዐኒሳ! እሳቱን አጥፊ! ሥጋው ላይ እንዳታፈሺው! … ፈሷል? ያ አላህ!

— አይ፣ አታጽናኚኝ። ሲጋራውም አለበት፣ ዕድሜውም አለበት፤ እሺ፣ ይሁን። ግን እኮ ናዝሬት፣ እኛ ሁላችን ቅቤውን እየበላን ለእሱ ለብቻው፣ በዚህ እጄ፣ በሌላ ድስት… አሰብኩለት ብዬ!

— ቅቤ ቀንሱ ማለት ትንሽ ፈሳሽ ዘይት ተጠቀሙ ማለት ነበር? … እኔ ምኑን አውቄ!

— እንዳትነግሪው፣ እለምንሻለሁ። … ያውቃል? ማን ነገረው? … ዶክተሩ ምን ትበላለህ ብሎት፣ ያ የረጋ ዘይት ነው አለው? … እና ምን አለ?

— ጣዕሙ ሻማ ሻማ ይላል አለ? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ? … ታዲያ ለምን በላው?!

— … «ልጄ ለልቤ ብላ የደከመችበትን እንዴት እገፋለሁ» … እንደዚህ አለ?

— አይ፣ አታቅርቢልኝ! ምን ብዬ ነው የማናግረው? ናዝሬት! ናዝ…

— አባባ? … አዎ፣ ሳህራ ነኝ። … አላለቀስኩም። … ሙቅማድ? አልላክሁም። አልልክምም! … ይጣፍጥ ነበር? … አትዋሽልኝ አባባ። ሦስት ዓመት ዋሽተኸኛል፣ ዛሬ እንኳ… ሄሎ? አባባ? … ዐኒሳ፣ መስመሩ ተቋረጠ።