ባንዲራው ዋና ይችላል

ሕፃን ልጅ ውሃ ሲነካው የሚያለቅሰው ለምንድን ነው? ዘጠኝ ወር ውሃ ውስጥ ኖሮ የወጣ ፍጡር እኮ ነው! ወልጄም መልሱን አላገኘሁትም። አንቺም በቅርብ ታዪዋለሽ... ስምንተኛ ወርሽ ነው? ሆድሽ ወደ ፊት ሹል ብሏል፣ ወንድ ነው ይሉሻል፤ አትስሚያቸው፣ የኔንም ሴት ብለው ነበር። ነይ እዚህ ካርቶን ላይ ቁጭ በይ፣ እግርሽ አብጧል። ግድ የለም፣ እትዬ አይቆጡም። ሱቁ የእሳቸው ነው፤ ባለቤቴ ታናሽ ወንድማቸው ነው፣ ዕቃ ከመኪና ያወርድላቸዋል። የምናድረውም ከመጋዘኑ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። እንዲህ ያለ ዘመድ ማን ያገኛል?

እሱን ልትገዢ ነው? የሕፃን መታጠቢያ መቀመጫ... ጎሽ። እኔም አለኝ። የጎማ እግሮቹን ሳፋው ላይ ጫን ስታደርጊያቸው ጥብቅ ይላሉ። ጀርባው ላይ ባንዲራም ተለጥፎበታል... የሀብታም አገር ባንዲራ!

ባንዲራ ስል ምን ትዝ አለኝ... አንዲት ነጋዴ አውቃለሁ። ስሟ ምን ያደርግልሻል፤ እጀ ወርቅ ናት! ዕቃ የምታስመጣው ከሩቅ ነው፤ ሁለት ባሕር ተሻግሮ፣ እንደኛው ድሃ ከሆነ አገር። ምን ነውር አለው? ድሃ ለድሃ ሠራ። ግን ያ ዕቃ እሷ መጋዘን አንድ ሌሊት ካደረ፣ ጠዋት የሀብታም አገር ተወላጅ ሆኖ ይነሳል። ባለቤቴ ቪዛ ፍለጋ ስንት በር አንኳኩቶ ባዶ እጁን ተመለሰ መሰለሽ... የእሷ ጆግ ግን ሳይሰለፍ ዜግነት አገኘ! ይቺን ሴት ኤምባሲ ቢያስቀምጧት ስንቱ ጎረምሳ ባለፈለት?

እትዬ፣ ምነው ሳሉ? ውሃ ላምጣልዎ? አይ፣ እኛ ስለ ሌላ ሰው ነው የምንጫወተው።

የት ደረስኩ? አዎ... ደግሞ ርኅሩኅ ናት፣ ለአራስ ታስባለች። "ልጁን እዚህ መቀመጫ ላይ አስቀምጪውና ሥራሽን ሥሪ፣ እሱ ይጠብቅልሻል" አለቻት አንዲትን እናት። ያቺም ሞኝ አመነች። ፎጣ ልታመጣ ዞር አለች። ስትመለስ... መቀመጫው ተነቅሎ፣ ልጁ በአፍጢሙ ውሃ ውስጥ። አይዞሽ፣ ተርፏል! ይኸው ጀርባዬ ላይ ተኝቷል... እሷም ጀርባ ላይ ተኝቶ ይሆናል ማለቴ ነው።

ልጇን አንስታ በፎጣው ስትጠቀልል፣ ባንዲራው ተላጦ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ልጁ መንሳፈፍ አቃተው፤ ባንዲራው ግን ዋና ይችላል! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ውሸት ነው፤ ወረቀቱ ውሃ ሲነካው ለቀቀ። ሞኟ ናት ልጇን እስከ ዛሬ ያልለቀቀችው።

ከባንዲራው ሥር ምን ነበር መሰለሽ? ሥዕል። እኔ በፊደል ብዙም አልገፋሁም፣ ሥዕል ግን አይጠፋኝም። ሕፃኑ መቀመጫው ላይ ብቻውን ነው፤ እናቱ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ በር ትሄዳለች፤ በላዩ ቀይ መስመር ተጋድሟል። ማን እንደሣለው አላውቅም። ከሁለት ባሕር ማዶ ያለ፣ ልጄን አይቶት የማያውቅ ሰው፣ "ማንበብ የማትችል እናት ትኖር ይሆናል" ብሎ አሰበልኝ። ከቅርብ ዘመድ የሩቅ ባዳ... እንዲያ ነው ተረቱ? አገላበጥኩት መሰለኝ። ተረትም አልሆነልኝ።

መቼም ያቺ ነጋዴ አይታ አይደለም። ቦታ ቸግሯት ነው። ያ ሁሉ ጀርባ እያለ ባንዲራው እዚያች ሥዕል ላይ ያረፈው... አጋጣሚ ነው። እንዲያውም ሕፃን ውሃ ውስጥ ሲቀር ማየት የሚያስደነግጥ ሥዕል ነው፤ እንዳንደነግጥ አስባልን ይሆናል።

አትግዢ አላልኩም! ምን በወጣኝ? ባለቤቴ ሥራ ቢፈታ፣ ክፍሉን ልቀቁ ብንባል፣ ይሄን ልጅ አዝዬ የት እገባለሁ? ግን አንዲት ነፍሰ ጡር ያንኑ ዕቃ ይዛ ቦርሳዋን ስትከፍት እያየሁ... ዝም ልበል? ልናገር? አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? እስቲ እህቴ፣ ምከሪኝ። ጥፍርሽ ደግሞ እንዴት ያምራል! የባንዲራዋን ጠርዝ ብትሞክሪበት እኮ...

ያቺን ነጋዴ ግን ክፉ አይንካት፤ እኔ ከምርቃት ሌላ አላውቅም። ልጇ የመጀመሪያዋን አርግዛለች አሉ። እትዬ፣ አሜን ይበሉ እንጂ! በሰላም ያገላግልላት። የልጅ ልጇን ለማቀፍ ያብቃት። ከዚሁ መቀመጫ የሚያምረውን መርጣ፣ ባንዲራው ያለበትን፣ በገዛ እጇ አስቀምጣ የምታጥብበትን ቀን ያድርሳት። ፎጣውን ግን፣ አደራ... እግዜር ቅርብ ያድርግላት።