ብርቄን ይዘን ያመሸንባቸው ምሽቶች

በእኛ ጊዜ ሲያትል ማታ መሄጃ አልነበራትም። ለመጠጥ ቤት ሰው ማለቴ አይደለም፣ ለእሱማ ምን ጠፍቶ፤ እንደ እኛ ላለች ሴት ማለቴ ነው። ምን ያስቅሻል ሜሮን፣ የኔ ሜሪ? ቅጂ ካልሽ ቅጂ፣ ስልኩን ግን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው፣ ፊቴ ላይ አትደግኚብኝ። አሁን አንቺ ከሊንውድ ድረስ መጥተሽ «እትዬ፣ አጎቴ ታዬ ካረፈብሽ ሁለት ወር ሙሉ ከመሸ ከበር አልወጣሽም፣ ሲያትል እኮ ማታ ብዙ የሚሠራ ነገር አለ፣ ነይ ላውጣሽ» ትይኛለሽ። እኔን? ስለ ሲያትል ማታ እኔን ልታስተምሪኝ? እኔና ጓደኛዬ ለተብርሃን ይቺን ከተማ ማታ ማታ ያላሰስነው ጥግ የለም እኮ! ታዲያ ለጭፈራ እንዳይመስልሽ። ለለቅሶ ነው። አዎ፣ ለለቅሶ!

ብርቄን ታውቂያታለሽ አይደል? ሠርግሽ ላይ ጫማዋን አውልቃ ስትጨፍር ያመሸችው፣ አሁን በከዘራ የምትሄደው። ያኔ ወጣት ነበረች፣ ባሏ ጌታቸው ታክሲ ይነዳ ነበር። ጌታቸው ማታ ማታ ነበር የሚሠራው፣ ቤቱ የሚገባው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፣ እና እሷ ሳትተኛ ትጠብቀዋለች። «ብርቄ፣ ተኚ እንጂ፣ ነገ ሥራ አለሽ» ስንላት «ቁልፉ በሩ ላይ ሲዞር ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» ትላለች። እራቱን ታሞቅለታለች፣ ማንን አሳፍሮ እንዳመሸ ሁሉንም ይነግራታል፣ ይስቃሉ፣ ከዚያ ይተኛሉ። እንዲህ ነበር ኑሯቸው። ታዲያ አንድ ቀን ልቤን አለ፣ ሳይውል ሳያድር አረፈ። ጎረምሳ እኮ ነው! እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር።

ታዲያ እኛ የምናውቀው ምንድን ነው? ባሏ የሞተባት ሴት ማታ ብቻዋን አትተውም። ፍራሽ ይነጠፋል፣ ሴቱ ሁሉ አብሯት ያድራል፣ ሲያሻት ታለቅሳለች፣ አብረን እናለቅሳለን። ያንኑ አደረግን። ያቺ አንዲት መኝታ ክፍል ያላት አፓርትመንት ሞላች፣ ኮሪደሩ በጫማ ተሞላ፣ እና ለቅሶው ደግሞ ያገር ቤት ለቅሶ ነው፣ ግድግዳው ግን ያገር ቤት ግድግዳ አይደለም፣ ወረቀት ነው! ማኔጀሩ መጣ። ቀጭን፣ ትሁት ሰውዬ ነው፣ ጫማው መሀል ቆሞ የሚረግጥበት አጥቶ «ሌዲስ፣ ሌዲስ፣ እዚህ ስንት ሰው ነው የሚኖረው?» አለ።

«አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ሌሎቻችን ልናለቅስ ነው የመጣነው» አልኩት በዚያችው እንግሊዝኛዬ።

«በጣም አዝናለሁ። ግን ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ድምፅ አይቻልም። ታች ያሉት ሰዎች በጠዋት ሥራ ገቢ ናቸው።»

«እስከ አራት ሰዓት ካለቀስን ይበቃል?» አለች ለተብርሃን። የምሯን ነው እኮ! ሰውየውም የምሩን አሰበበትና «ቀስ ብላችሁ ከሆነ» አላት። ክፉ ሰው አልነበረም፣ አይፈረድበትም። ግን ብርቄ ሰማችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ማልቀስ ጀመረች። ድምፅ የሌለው ለቅሶ አይተሽ ታውቂያለሽ ሜሪ? ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። እህል እምቢ አለች። ያ ነው ያስፈራኝ፣ እውነቴን ነው፣ ይቺ ልጅ ልትሞትብን ነው ብዬ ነው የፈራሁት።

ደግሞ ሰው ሥራ አለው፣ አንድ አንድ እያለ ተበተነ፣ እኔና ለተብርሃን ቀረን። ለተብርሃንን መቼም ላንቺ አላስተዋውቅም፣ ያኔ ከኤርፖርት መንገደኛ የምታመላልስበት ቫን ነበር የምትነዳው። አንድ ማታ ስምንት ሰዓት ሲቃረብ ብርቄ ጆሮዋን በሩ ላይ ጥላ ቁጭ ብላለች፣ ቁልፉን እየጠበቀች ነው፤ ሰውየው ከተቀበረ ስንት ጊዜው! ለተብርሃን አየቻት፣ አየቻት፣ እና ብድግ አለች። «ዋይ! ቤት ውስጥ ማልቀስ ክልክል ከሆነ ውጭ ወጥተን እናለቅሳለን! ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ተነሺ፣ ጫማሽን አድርጊ!»

«የት ነው የምንሄደው?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ! ስምንት ሰዓት እስኪያልፍ ከዚህ በር ትራቅ ብቻ!»

ይኸው ነው፣ እንዲህ ተጀመረ። የመጀመሪያ ማታ የት ሄድን መሰለሽ? ሌሊቱን ሙሉ የማይዘጋ ሱፐርማርኬት! ባዶ ጋሪ እየገፋን በየመደርደሪያው መሀል ሦስት ጥቁር የለበሱ ሴቶች ስንዞር፣ ስንዞር፣ የጥበቃው ሰውዬ ከኋላ ከኋላችን፣ ሌባ መስለነው። በማግስቱ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሄድን፣ የለቀስተኛውን ብርድ ልብስ ሁሉ ተሸክመን። እዚያ ደስ ይላል፣ ይሞቃል፣ ማሽኑ ይጮሃል፣ ብርቄ ድምፅ አውጥታ ትንሽ አለቀሰች፣ ግን አንድ ተማሪ ደብተሩን ዘርግቶ ቁጭ ብሎ ነበርና አየችውና አፈረች፣ ነጠላዋን መልሳ አፏ ውስጥ ከተተች። አንድ ቀን ደግሞ፣ አትሳቂ አልኩሽ፣ ቦውሊንግ ወሰደቻት! ለተብርሃን ናታ! ያን የሚከራይ ጫማ በጥቁር ቀሚስ አድርጋ፣ ብርቄ ኳሱን በሁለት እጇ አንስታ እንደ እንስራ ቁጭ አደረገችው፣ ኳሱም ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ሄዶ ማዶ የተደረደሩትን እንጨቶች ሁሉ ጣላቸው! እኛ «እልል» ልንል አፋችንን ከፍተን ትዝ ሲለን ዘጋነው።

ታዲያ ያገር ሰው አየን። በነጋታው ቤተ ክርስቲያን ወሬው ቀድሞን ደርሷል። «ሰማሽ? ያቺ ባሏ የሞተባት፣ አርባው እንኳን ሳይወጣ ቦውሊንግ! ቆይ፣ ምን ዓይነት ዘመን ነው!» እያሉ ከንፈር ይመጥጣሉ። የነፍስ አባቷ አስጠሩን። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፣ ለተብርሃን ግን ምን ገዷት! «አባ፣ እርስዎ ማታ ማታ እየመጡ ያስተኙልናል? ካስተኙልን እኛም እናርፋለን» አለቻቸው። አባም ሳቃቸው መጣ መሰለኝ በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፈን አድርገው «ብቻዋን አትተዋት። ኳሱ ግን አርባው እስኪወጣ ይቆይ» አሉ። ሶ፣ ቦውሊንግ ቀረ።

ያ ሲቀር ነው መርከቡ የመጣው። ያ ባሕሩን የሚያሻግረው ትልቁ ጀልባ፣ መኪናውንም ሰውንም የሚጭነው። ዓርብ ማታ ነው፣ ዝናቡ ያው ዝናብ ነው፣ ለተብርሃን ቫኗን ወደቡ አካባቢ ፓርክ አደረገችና በእግር ገባን። ውስጡ ሞቅ ያለ ነው፣ ሰዎች ካርታ ይጫወታሉ። ብርቄ ግን አልተቀመጠችም፣ በሩን ገፍታ ወደ ውጭው ወለል ወጣች። ተከተልናት። ሰው የለም፣ ነፋሱ ነጠላችንን ሊወስደው ይታገላል፣ ሞተሩ ከሥር ያጉረመርማል። እሷ ብረቱን ይዛ ውኃውን አየችው፣ ዞር ብላ እኛን አየችን፣ እና «እዚህ ማን ይሰማኛል?» አለች።

«ማንም» አልኳት። «ማንም የኔ እናት።»

ታዲያ ጮኸች። «ጌታቸውዬ! ጌታቸውዬ! እራትህ ቀዘቀዘ እኮ!» ብላ ጮኸች። ያ ሁሉ ቀን አፏ ውስጥ የጎሰጎሰችው ወጣ። ደረቷን መታች፣ ጠራችው፣ ሰደበችው፣ ለማን ትተኸኝ አለችው። እኔም ምን ያዘኝ፣ እናቴ ስትሞት እዚህ ነበርኩ፣ በስልክ ነው የተረዳሁት፣ የምሠራበትን ሆቴል አልጋ እያነጠፍኩ ዋጥ አድርጌ ነው የዋልኩት፣ ያን ቀን «እማዬ!» ብዬ ወጣልኝ። ለተብርሃን የሞተባትን ወንድሟን ጠራች። ሦስታችንም አንድ ላይ!

በሩ ብርግድ ሲል የመርከቡ ሠራተኛ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ግዙፍ ሰውዬ እየሮጠ መጣ። ልትዘል ነው ብሎ እኮ ነው! «ማም! ማም! ከብረቱ ራቂ!» እያለ እጁን ዘረጋ። ለተብርሃን መሀል ገባች። እንግሊዝኛዋን እንዳለ ልንገርሽ፦ «ኖ ፕሮብሌም! ኖ ጃምፕ! ሃዝባንድ ዳይ! ሃውስ፣ ኖ ክራይ! ሂር፣ ክራይ! ፊኒሽ፣ ወደ ውስጥ እንገባለን!» መጨረሻውን ባማርኛ ነው ያለችው። ሰውየው ቆመ። እኔን አየ፣ ብርቄን አየ። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ፣ በዚያ ዝናብ፣ ራሰ በራ ነው ምስኪን፣ እና «ጊዜያችሁን ውሰዱ» አለን። ወደ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋና በመስተዋቱ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ፣ ሌላ ሰው እንዳይወጣብን። እስክንጨርስ ከዚያ አልተነቃነቀም። ስሙን አልጠየቅነውም፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማዶ ስንደርስ ሁሉም ይውረድ ተባለ፣ ዓይናችን በርበሬ መስሎ ወረድን፣ ዞረን በዚያው ተመልሰን ገባን። ስንመለስ ብርቄ ቁጭ እንዳለች «ራበኝ» አለች። ራበኝ! እኔና ለተብርሃን እንዴት እንደሮጥን! ድንች ጥብስ ገዛን፣ ድንች ደግሞ የጾም ነው፣ በጨው በላችው። እኔ አንድም ሳልቀምስ እሷን ሳይ ሆዴ ሞላ።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ መርከብ ሆነ። እያደር ለቅሶው አጠረ፣ ጨዋታው ረዘመ፣ ለተብርሃን ካርታ አስተማረችን፣ ማጭበርበርም ጭምር። አርባው ወጣ። አንድ ዓርብ ታዲያ ገና ወደ ከተማው ስንመለስ፣ ገና ስድስት ሰዓት እንኳን ሳይሆን፣ ብርቄ ካርታዋን አስቀመጠችና «ዛሬ ቤቴ አድርሱኝ፣ ብቻዬን ነው የማድረው» አለች።

«ኧረ ስምንት ሰዓት ገና ነው!» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

አደረስናት። «መብራቴ ከጠፋ ተኝቻለሁና ሂዱ» አለችን። ቫኑ ውስጥ ቁጭ ብለን መስኮቷን እናያለን። አልጠፋም። ቆየ፣ አልጠፋም። ለተብርሃን «ልውጣ?» ትለኛለች፣ እኔ «ቆይ» እላታለሁ። ከዚያ ጠፋ። ለተብርሃን መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፣ ያቺ ጀግና።

በማግስቱ «መብራቱ ምነው ቆየ?» ብዬ ጠየቅኳት። «በሩ ጋ ቆሜ ነበር» አለችኝ። «የበሩን ሰንሰለት አስገብቼው አላውቅም፣ ጌታቸው ሲመጣ እንዳይዘጋበት። ትናንት አስገባሁት።» እንዲህ ብቻ ነው ያለችኝ። ከዚያ ተኛች፣ እስኪነጋ ተኛች።

ሜሮን፦ እትዬ፣ ያንቺም ሰንሰለት አይገባም እኮ። ሳድር አይቻለሁ።

ተይ እንግዲህ። ስለ ብርቄ ነው የማወራሽ፣ እኔን ምን አመጣኝ? አጎትሽ የኦበርኑን የማታ ሥራ ከተወ ስንት ዓመቱ፣ ልማድ ነው፣ ልማድ። እሺ፣ እሺ… ይናፍቀኛል። ከመሸ ይብስብኛል። ምን ልበልሽ? አስለቀስሽኝ አይደል፣ ደስ ይበልሽ! ማነው ደግሞ በዚህ ሰዓት እንዲህ ጥሩምባ የሚነፋው? ጎረቤት ሊጣላን ነው።

ሜሮን፦ ሶሪ እትዬ፣ እኔ ነኝ ኮል ያደረግኳቸው።

ማንን? ውይ! ብርቄ! በዚህ ዝናብ በከዘራ! አንቺ ምን ሆነሻል?

ብርቄ፦ ተነሺ፣ ጫማሽን አድርጊ! ለተብርሃን መኪናው ውስጥ ናት፣ ፓርክ ማድረጊያ የለም እያለች ሰፈሩን እየተሳደበች ነው። መርከቡ አይጠብቀንም።

እኔ አልሄድም። እርጅና ላይ ነኝ እኮ! ደግሞ ሰው ምን ይላል?

ብርቄ፦ የታዬ አርባ ወጥቷል፣ ከፈለግሽ ቦውሊንግም ይቻላል!

(ሳቅ።)

እናንተ ልጆች… ነጠላዬን አቀብዪኝ። ጥቁሩን። ድንች ግን ብርቄ ናት የምትገዛው፣ ተራዋ ነው። ሜሪ፣ አንቺ ተኚ፣ እኔን አትጠብቂ። ስሚ ደግሞ፣ ሰንሰለቱን እንዳታስገቢው፤ ዛሬ አምሽታ የምትገባው እኔ ነኝ!