ከኮንኮርዱ ስለጠፋችው ማንኪያ

የሳን ኦርሴል ከተማ ፖሊስ ጣቢያ፣ ፈረንሳይ
የምስክር ስም፦ ፊርማን ካስታኜ
ዕድሜ፦ 71 ዓመት
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ የቀድሞ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር
አድራሻ፦ ሳን ኦርሴል፣ የአሮጌው ወፍጮ መንገድ
ቀን፦ ሰኞ፣ ኖቬምበር 17 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ኤርቬ ኩዴርክ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው እኔ፣ ማንም ሳይጠራኝ በገዛ ፈቃዴ ወደ ጣቢያው ቀርቤ፣ ናስር ቤልካዲ የተባለው ወጣት በተጠረጠረበት የስርቆት ጉዳይ የማውቀውን እንደሚከተለው አስረድቻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከባለቤቴ ከኦዴት ጋር በከተማችን ወዳለው የአቪዬሽን ሙዚየም ሄድን። የሄድነው ከአገልግሎት የወጣውን ኮንኮርድ የተባለውን ፈጣን የመንገደኞች አውሮፕላን ለመጎብኘት ነበር። ስንጋባ በዚህ አውሮፕላን ኒውዮርክ እወስድሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር። በሾፌር ደመወዝ የሚሞከር አልሆነም፤ እኔ ጡረታ በወጣሁበት ዓመት አውሮፕላኑም ጡረታ ወጣ። ደረጃውን ስንወጣ ኦዴት ክንዴን ይዛ «አንተ ሰውዬ፣ ቃልህንስ ጠበቅክ። መብረሩን ብቻ ነው የረሳኸው» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ውስጡ ጠባብ ነው። መስኮቶቹ የሰው መዳፍ አያክሉም። መሃል ላይ በገመድ የታጠረ ወንበር አለ፤ ከፊቱ ባለው ጠረጴዛ ላይ ለመንገደኛ ምሳ እንደሚቀርበው ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ቢላ፣ ሹካና አንዲት ትንሽ ማንኪያ ተደርድረዋል። አስጎብኚዋ «በበረራ ዘመኑ እነዚህን ማንኪያዎች ኪሱ ከቶ የሚወርድ መንገደኛ ብዙ ነበር» ብላ አሳቀችን።

ከኋላችን ናስር ቤልካዲና ሙሴ ላቦርድ የሚባሉ አዛውንት ይከተሉ ነበር። ሙሴ ላቦርድን የመድኃኒት ቤት ባለቤት በነበሩበት ጊዜ በዓይን አውቃቸዋለሁ። ወጣቱ የልጃቸው እጮኛ መሆኑን የተረዳሁት ከጨዋታቸው ነው። ሙሴ ላቦርድ «ልጄን ለጫጉላ በዚህ ልትወስዳት ነው?» ሲሉት፣ «ጎማውን እኔ እነፋለሁ፣ ነዳጁን እርስዎ ይቻሉ» ብሎ መለሰላቸው። እኒያ ኮስታራ ሰውዬ ሳቁ።

አስጎብኚዋ ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ስታልፍ ሰው ሁሉ ተከተላት። ኦዴት ወደኋላ ቀረች። ዞር ስል ከገመዱ በላይ ጎንበስ ብላ ማንኪያዋን አንስታ በካፖርቷ እጅጌ ውስጥ ስትሸሽግ በዓይኔ አየሁ። ናስር ቤልካዲ ከጎኗ ቆሞ ነበር። እኔ እንዳላየ ሆኜ ወደፊት ሄድኩ።

ከአውሮፕላኑ ስንወርድ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ማንኪያ መጥፋቷን ተናግሮ አስቆመን። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ለይቶ የጠራው ናስርን ነው።

«አንተ፣ ወዲህ ና። ኪስህን አራግፍ።»

«ለምን እኔን?»

«ገመዱ ጋ ማን ነበር ታዲያ?»

ናስር ኦዴትን አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ከዚያ ጃኬቱን ቀስ ብሎ አውልቆ ለጥበቃው ሰጠው፤ ሰው እያየ ኪሱን፣ ቀበቶውን፣ ካልሲውን ሳይቀር ፈተሹት። «ናስር ቤልካዲ እባላለሁ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ጎሚስታ ቤት ነው የምሠራው፣ ስትፈልጉኝ አታጡኝም» አለ። ምንም ባይገኝበትም ጥበቃው «ጥሏት ይሆናል» ብሎ ለፖሊስ ደወለ። ሙሴ ላቦርድ «ናስር፣ ምን አደረግህ?» ብለው መልሱን ሳይጠብቁ መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ። የመጡት አብረው ነበር።

ለምን ዝም እንዳልኩ በሳጅን ኩዴርክ ተጠይቄ፣ ባለቤቴ በሰው ፊት እንዳትዋረድ ፈርቼ መሆኑን፣ ምንም ስላላገኙበት ይለቁታል ብዬም ራሴን ማታለሌን አስረድቻለሁ።

እሑድ ለምሳ ስንቀመጥ ማንኪያዋ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ኦዴት «ማንኪያ እኮ ናት፣ ፊርማን» አለችኝ። «ልጁስ?» አልኳት። ዳቦውን መቁረጥ ጀመረች።

ዛሬ ጠዋት ጎሚስታ ቤቱ ሄጄ ናስርን አገኘሁት። ጎማ እየፈታ ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝና ሥራውን ቀጠለ።

«ልጄ፣ የወሰደችው ባለቤቴ ናት» አልኩት።

«አውቃለሁ አባቴ። አጠገባቸው ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«እናቴን የሚያክሉ ሴት በሰው ፊት ሌባ ልበላቸው? ባልየው አጠገባቸው አለ፣ እሱ ይናገራል አልኩ። ጃኬቴን ቀስ ብዬ ያወለቅሁት እኮ እርስዎ እስኪናገሩ ነው።»

ፖሊስ ዘንድ እንደምሄድ ስነግረው «ፖሊስ ይቆየኝ። መጀመሪያ ሙሴ ላቦርድ ዘንድ ይሂዱልኝ። ከቅዳሜ ወዲህ ልጃቸው ስልኬን አታነሳም» አለኝ።

እንዳለኝ ሄድኩ። ሙሴ ላቦርድ በራቸው ላይ ቆመው ሰሙኝ። «አይቶ ነው ዝም ያለው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። «እርስዎስ ሚስትዎን ሊሸፍኑ ነው። እኔ ማንን ልሸፍን ነው ጥዬው የሄድኩት?» አሉ።

አብረን ወደ ጎሚስታ ቤቱ ተመለስን። ለምሳ ተዘግቶ ነበር። ሙሴ ላቦርድ እዚያው እጠብቃለሁ ስላሉ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በተዘጋው በር ፊት እንደቆሙ ትቻቸው ወደዚህ መጣሁ። ወደዚህ እንደምመጣ ለኦዴት በስልክ ነግሬያታለሁ፤ ራሷ መጥታ ቃሏን እንደምትሰጥ ገልጻልኛለች። ማንኪያዋን ዛሬ ጠዋት ከቤት ስወጣ ይዤ ስለነበር ለሳጅን ኩዴርክ አስረክቤያለሁ።

ማንኪያዋን የወሰደችው ባለቤቴ ብትሆንም ንጹሕ ሰው እንዲፈተሽ ያደረገው የእኔ ዝምታ ስለሆነ፣ ይኸው በቃሌ ውስጥ እንዲሰፍርልኝ ጠይቄ ሰፍሯል። የተጻፈው በሙሉ ተነቦልኝ፣ እውነት መሆኑን፣ የጨመርኩትም የደበቅሁትም አለመኖሩን በፊርማዬ አረጋግጫለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ፊ. ካስታኜ
የመርማሪው ፊርማ፦ ሳጅን ኤ. ኩዴርክ