ጋሽ ባልዲና የምድር ቤቱ ፓምፕ

ደመናው በከበደበት አንድ ከሰዓት፣ ጎረቤቴ አናጢው ሁለት አዲስ ባልዲ አንጠልጥለው ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሰፈሩ «ጋሽ ባልዲ» የሚላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ዝናብ ሲበረታ ምድር ቤታቸው ውሃ ያፈልቃል፤ ውሃውን የሚያወጣው ፓምፕ መብራት ሲቋረጥ ስለሚቆም፣ እርሳቸው በባልዲ ይቀዳሉ። ዘንድሮ ግን በዚያ ክፍል ለልጃቸው ሠርግ የሠሩት አልጋ ቆሟል።

ኤሌክትሪክ የተማረችው የእህታቸው ልጅ በር ላይ ጠበቀችን።

«ዛሬም ባልዲ፣ ጋሼ?»

«ባልዲ መብራት አይፈልግም፣ ልጄ።»

«ወገብ ግን ይፈልጋል። ያንን ወገብ አምና ያሸሁት እኔ ነኝ።»

ስለ ጄኔሬተር ጠየቋት። ለረጅም መቋረጥ እንደሚበጅ፣ ነገር ግን ጭሱ ስለሚገድል ከቤት ውጭ፣ ከመስኮት ርቆ መቀመጥ እንዳለበት፣ በዝናብ ወጥቶ የሚያስነሳው ሰውም እንደሚያሻው አስረዳች። ባትሪ ግን መብራት ሳለ ተሞልቶ ይቆይና ሲቋረጥ በራሱ ሥራውን ይረከባል። እርሳቸው ባለማመን ራሳቸውን ነቀነቁ።

በዚህ መካከል ነጎድጓድ አጉረመረመ። አናጢው ባልዲዎቹን ጥለው ገቡና የቤቱን መብራት ዋና ማጥፊያ አጠፉ። «መብረቅ ሽቦ ተከትሎ ይገባል» አሉ፤ የአባታቸው ልማድ ነው።

ልጅቱ ወደ እኔ ዞረች። «አምና ምድር ቤቱ የተጥለቀለቀ ዕለት የእርስዎ ቤት መብራት ጠፍቶ ነበር?»

አሰብኩ። «በርቶ ነበር፤ መጽሐፍ ሳነብ ነበርና አስታውሳለሁ።»

አናጢው እጃቸው ማጥፊያው ላይ እንዳለ ቀሩ። «ታዲያ ፓምፑን የማቆመው እኔው ነኝ?»

«እርስዎው ነዎት፣ ጋሼ።»

መጀመሪያ የሳቁት እርሳቸው ነበሩ። «በአንድ እጄ አጠፋለሁ፣ በሌላው እቀዳለሁ!»

«ልማድዎን አይተዉ፤ ፓምፑን ግን ከልማድዎ እናድነው» አለች። በዚያው ሳምንት ባትሪውን ለፓምፑ ገጠመችላቸው።

በሠርጉ ዋዜማ ዝናቡ ከነነጎድጓዱ ወረደ። አናጢው እንደ ልማዳቸው ዋናውን ማጥፊያ አጠፉ፤ ቤቱም ጸጥ አለ። ከእግራችን ሥር ግን ፓምፑ ማንጎራጎሩን ቀጠለ። ወርደን ብናይ ወለሉ ደረቅ ነው፤ አልጋውንም አንድ ጠብታ አልነካውም።

አንባቢ ሆይ፣ ጥንቃቄ መልካም ነው፤ ሆኖም ጥንቃቄም አልፎ አልፎ ይመርመር። ምድር ቤት ያለህ ከሆነ ተጠባባቂ ኃይል አዘጋጅ፤ ከክረምት በፊትም ፈትነው። ያን ጊዜ ዕቃህ ይተርፋል፣ ወገብህ ያርፋል፣ ዝናቡንም በመስኮት ቆመህ በደስታ ታያለህ።

ባልዲዎቹስ? በማግስቱ አበባ ሞልቶባቸው ከሙሽሮቹ ግራና ቀኝ ቆመው ነበር።