ትል የማይደፍረው ቲማቲም

እትዬ፣ እንዴት አደሩ? ወገብዎ ተሻለው? ይምጡ፣ እዚህ ጥላው ሥር፣ አጥሩ ጥግ እንቀመጥ። ድምፄን ከፍ የማደርገው ጆሮዎ እንዳይቸገር ነው እንጂ፣ ከአጥሩ ወዲያ የተባይ መድኃኒት መርጫውን ቦይ ውስጥ የሚያጥብ ሰው አለ ብዬ አይደለም… ጎረቤት ሥራ ላይ ሲሆን እኔ ደስ ይለኛል።

የጎረቤቴን ቲማቲም አዩልኝ? አንድ ትል ዝር አይልበትም። ሞኟ እኔ ትል የሸሸውን አማርጬ እየገዛሁ እበላ ነበር። ትል ከኔ የተሻለ ልቦና እንዳለው በዚህ ዕድሜዬ ማወቄም አንድ ነገር ነው።

ባለፈው ሰሞን ዓሣዎቼ ቦዩ በሚሞላት ኩሬዬ ላይ ሆዳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ሲንሳፈፉ ባይ ምን ያልኩ ይመስልዎታል? «ተመስገን፣ መረብ ከመጎተት ዳንኩ።» ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላሉ፤ ለኔ ለሰነፏ ግን ሳልጎረጉር ዓሣው ራሱ ወጣልኝ። መጥበሻ ጥጄ ዘይት ስፈልግ ድመቴ ቀድማኝ ቀመሰች… ነፍሷን ይማር። ዛሬ ቁጭ ብዬ የማወራዎት በሷ ዕድሜ ነው።

ላሞቹንስ አልነገርኩዎትም? የመጀመሪያዋ ከቦዩ ጠጥታ መጥታ ስትንገዳገድ፣ አረፋ ስትደፍቅ፣ በዋዜማው ስለተቆጣኋት ያኮረፈችኝ መስሎኝ እኮ ግንባሯን እያሻሸሁ ይቅርታ እለምናት ነበር። ላም ኩርፊያዋን በአረፋ ትገልጻለች ብዬ! ሁለተኛዋም ተከተለቻት። ድሮ «ላም አለኝ በሰማይ» ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን እዚያ ሁለት አሉኝ።

ቆቆቹ ደግሞ ማለዳ ከቁጥቋጦው እየጮሁ እንቅልፍ ይነሱኝ ነበር፤ ይኸው ዛሬ እንደ ልቤ እተኛለሁ። ማታ ማታ ብቅ ትል የነበረችው ሚዳቋም ቦዩ ዳር ለውሃ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። እንዲህ ያለ ጸጥታ ያመጣልኝን ሰው ማመስገን አልነበረብኝም?

እንዴ… ሲንቦጫረቅ የነበረው ውሃ ዝም አለ ልበል? ደክሞት ይሆናል፤ ይረፍ።

እኔ ሰው አልወቅስም፤ ስም ጠርቼ እንደሆነ ምላሴን ይቁረጠው። እንዲያውም እንደሱ ያለ አስተዋይ አባወራ አላየሁም። ለገበያ የሚያወጣውን በመድኃኒት ያጥበዋል፤ ለልጆቹ የሚሆነውን ግን ጓሮው ውስጥ ለብቻው ይተክላል፤ እዚያ መርጫው ደርሶ አያውቅም። የሚጠጡትንም ውሃ ከላይ ከምንጩ አፍ ያስቀዳል። አባት ማለት ይኼ አይደል? መርጫውን የሚያጥበው ከሱ በታች፣ ከኔ በላይ ነው… ቦታ መምረጥ ያውቅበታል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? እውነት ነው፤ ሩቅ ቢሆን እንዴት ይደርስልኝ ነበር?

አሁን የቀረችኝ ይቺ የታሰረችው ጊደር ናት፤ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ከብዳለች። ከቦዩ ሌላ ቅርብ ውሃ የለኝም፣ እትዬ። ከዚህ ወገቤ ጋር ከምንጩ እየተሸከምኩ አጠጣታለሁ፤ ስደክም ደግሞ ቦዩን እያየች ታለቅሳለች፣ እኔም አብሬያት አለቅሳለሁ። ሁለት እንስሳ ተያይዘን ስናለቅስ ቢያዩን ይስቁብን ነበር። ይቺን ካጣሁ ሌላ የለኝም።

በሉ ተዉት፣ ቀኑን በክፉ ወሬ አናበላሸው። ይልቅ ጎረቤታችንን እንመርቀው፤ እርስዎም አሜን ይበሉ፣ እንዲሰማ አድርገው። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጠው። ከቤቱ ሳቅ አይጥፋ። የድካሙን ፍሬ፣ ያንን ትል የማይደፍረውን ቲማቲም፣ ከነልጆቹ ጠግቦ ይብላ… ሲጠማቸውም፣ መርጫውን ካጠበበት ቦይ ቀድቶ በእጁ ያጠጣቸው።