አዲሱ ካርድ በአሮጌው ሲበለጥ

— ሄሎ?... አቤት የእህቴ ልጅ! ደህና ነሽ?... እናትሽስ?... አባትሽስ?... ተይው፣ እሱን አልጠየቅሁም። አፌ ለምዶበት ነው።

— ኧረ አልተቀየምኩም! አለመርሳት ሌላ፣ መቀየም ሌላ። የተመረቅሽ ዕለት፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ እሑድ፣ ምሳ ላይ፣ አሥራ አራት እንግዳ ተቀምጦ። እኔ ያንን የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠሁሽ። አባትሽ ከእጅሽ ተቀብሎ ገለበጠው፤ አሸተተው... አዎ፣ አሸተተው! «ይሄን ቆሻሻ ከየት ለቅመህ አመጣኸው? ብሎን ፈቺ ዘመድ ያለው ሰው ስጦታው ይኸው ነው» አለ። ያ ረጅሙ አጎቱ ሳቀ። ሁለት ጊዜ ሳቀ።... አዎ ቆጥሬዋለሁ! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ የኔ ልጅ።

— እሺ፣ እሺ፣ ለሥራ ነው የደወልሽው። ንገሪኝ።... ሄሎ? አልሰማሽም፣ ቆይ... ባለፕሪንተሩ! አንድ ሱቅ ውስጥ ነን እኮ፣ ያን የአቧራ መንፊያ አጥፋልኝ፣ የእህቴ ልጅ ናት!... እሺ ቀጥዪ።

— አባትሽ አዲስ ካርድ ገዛልሽ?... ትናንት። እሰይ።... ራሱ ገጠመው? ወረቀቱን እያነበበ?... ጥሩ ነው፣ የቧንቧ ኢንጂነር ቢሆንም ማንበብማ ይችላል።

— እና?... ምን አልሽኝ?... አንዴ ብቻ ድገሚው፣ ድምፅሽን ለሁሉ ልክፈተው። ባለፕሪንተሩ፣ ና ስማ!... አዲሱ ከአሮጌው አነሰ? የነደፍሽውን ቤት ስክሪኑ ላይ ስታዞሪው አሮጌው በሰከንድ ሠላሳ ሥዕል ይሰጥሽ ነበር፣ አዲሱ ስድስት?... ስድስትማ እኔም በእርሳስ እስልልሻለሁ!

— አልሳቅሁም፣ ሳል ነው።... ይኸውልሽ፣ ያ «ቆሻሻ» የተባለው ካርድ ከተዘጋ የጌም ቤት የወጣ ነው። ባለቤቱ ሊጥለው ሲል ለምኜ ወሰድኩት። ማራገቢያዎቹ ፀጉር ተተብትቦባቸው ነበር፤ አንድ ቅዳሜ ሙሉ በቀለም ብሩሽ ጠረግኋቸው። የደረቀውን የማቀዝቀዣ ቅባት ፍቄ አዲስ ቀባሁት። አባትሽ ያሸተተው እሱን ቅባት ነው።

— ምን?... ዘጠኝ ሰዓት? ዛሬ?... ባልና ሚስቱ የቤታቸውን ንድፍ ሊያዩ እየመጡ ነው? አሁን እኮ ስምንት ተኩል ነው! አንቺ ልጅ፣ ይሄን ይዘሽ ነው የኔን የድሮ ቂም የምትሰሚው?... አውቃለሁ፣ በራስሽ ስም የያዝሽው የመጀመሪያ ሥራ ነው።... ካልወደዱት ወደ ሌላ አርክቴክት ሊሄዱ። እሺ። ተረጋጊ።

— አባትሽ ምን ይላል?... «አስመስለው የሠሩት ነው፣ ለሱቁ እመልሰዋለሁ፣ አሮጌውን ግጠሚ።» እሺ።... ቆይ ቆይ። «የአጎትሽ ይሻላል» አለ?... በዚህ ቃል? በራሱ አፍ?... እናትሽም ሰማች?

— አለሁ፣ አለሁ። እያጣጣምኩት ነው።

— እሺ፣ አሮጌው ግን ሰሞኑን ምን ነካው?... ዛፎቹን ስትጨምሪ ቀጥ አለ። አዎ፣ ልክ ነው። አራት ጊጋ ሜሞሪ ነው ያለው፤ ባዶ ቤት ይችላል፣ ከነጓሮው ከነዛፉ ግን አቅሙ አይደለም። የአዲሱ ስንት ይላል?... አሥራ ሁለት።

— እውነቱን ልንገርሽ? ነገሩ እዚሁ ላይ ቢቀር ደስ ባለኝ። «የአጎትሽ ይሻላል» ተብሎ ቢዘጋ! ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ እኮ። ግን ሰዎቹ ዛፋቸውን ማየት ይፈልጋሉ፣ አይደል?... በይ እንግዲህ። አሥራ ሁለት ጊጋ ያለው ካርድ ስድስት ሥዕል አይስልም። አልታመመም፣ ተኝቷል። ከሲፒዩው ጀርባ ሂጂ።

— ተንበርከኪ። በስልኩ መብራት አብሪ።... የስክሪኑን ገመድ በጣትሽ ተከተዪው። የት ተሰክቷል?... ከላይ? ከኪቦርዱና ከማውሱ ጎን?... ቀዳዳው ቆሟል ወይስ ተጋድሟል?... ቆሟል። እርግጠኛ ነሽ?

— ሃ!... ሃ ሃ ሃ! ወይ አባትሽ! ባለፕሪንተሩ፣ ኢንጂነሩ ገመዱን ካርዱን ትቶ ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ነው የሰካው!... ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ካርዱ አንዲት ሥዕል እንኳ አልሠራልሽም። እንግዳ ጠርቶ ጓዳ ውስጥ ቆልፎበታል! ያ ስድስቱ የማዘርቦርዱ የራሱ አቅም ነው፣ ምስኪን፣ ብቻውን ሲያምጥ ነው የዋለው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት... እሺ እሺ፣ አልጨርሰውም፣ አጠገብሽ ነው።

— ዝጊው። ሙሉ በሙሉ ይጥፋ።... ገመዱን ንቀዪ። ወደ ታች ውረጂ፣ ካርዱ ራሱ ላይ ተጋድመው የተደረደሩ ቀዳዳዎች አሉ።... እዚያ። ጫን አድርጊው፣ እስከ መጨረሻው ይግባ።... አሁን አብሪው።

— እየጠበቅሁ ነው።... አንተ ደግሞ ትከሻዬ ላይ አትደገፍ፣ ትሰማለህ እኮ!... በራ?... ቤቱን ክፈቺ። ዛፎቹን ሁሉ፣ አንዱንም አታስቀሪ።... በበሩ ግቢ። ደረጃውን ውጪ። ወደ ጓሮው ዙሪ።... ጥጉ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢልኝ።

— ስንት?... ዘጠና አራት?... ከነዛፉ?!... ቅጠሉም ይወዛወዛል? እልልል! አታልቅሺ፣ ሳቂ አንቺ! እዚህ ሱቅ ውስጥ የማያውቅሽ ደንበኛ ሳይቀር እየሳቀ ነው!

— አይ፣ እውነትማ እውነት ነው። የኔው ከሦስት እጥፍ በላይ ተበልጧል። ይበለጥ! ድሮስ ላንቺ እንጂ ለሱ ክብር ነው እንዴ የጠረግሁት?... እሺ፣ ፀጉርሽን አበጥሪና ሰዎችሽን ተቀበዪ። ሃያ ደቂቃ አለሽ።

— ማን?... እሱ ራሱ?... ስጪው።

— አቤት ኢንጂነር።... እየሰማሁ ነው።... እ? አንተም ገመዱን ልታየው ነበር?... ልክ እኔ ስናገር።... አሃ።... ወረቀቱ ላይ ሥዕሉ ደብዛዛ ነው።... አሃ።... ጥፋቱ የፋብሪካው ነው።... አሃ።

— ባለፕሪንተሩ፣ እንካ ያዝልኝ።... አትዝጋበት፣ ገና እያስረዳ ነው።... እኔ ምን ልበለው? ስማ፣ ልጅቷ ከኋላው ስትስቅ ይሰማል።... «አለህ ወይ?» እያለ ነው? ይበል። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውና ና፣ ውጭ ፀሐይ ነው።