ሙሽሪቱ የት ደረሰች?

ንፋስ መውጫ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ወደ አማርኛ የተተረጎመ የሩስያ ልብ ወለድ አነብላቸው፣ በውስጡ ያሉትንም ሥዕሎች አሳያቸው ነበር። ርእሰ መምህሩ ሰሙና፣ «ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም!» ብለው መጽሐፉን ነጥቀውኝ ቢሯቸው ቆለፉበት። ሳልከራከር መልቀቄ ኅሊናዬን ወጋው። ልጆቹ የልብ ወለዱ ሙሽሪት በበረዶ መሐል ኮብልላ የት እንደደረሰች ገና አልሰሙም።

በማግስቱ ባዶ እጄን ገብቼ፣ «እስካሁን የሰማነውን ማን ይነግረናል?» አልኩ። ብዙዎቹ ከአብነት ትምህርት ቤት የመጡ ስለነበሩ የሰሙትን በቃል መያዝ ያውቁበታል። አንዱ ጎረምሳ ተነሥቶ በረዶውንም የሙሽሪቱንም ለቅሶ በዜማ አወረደው፤ ክፍሉ በሙሉ ተቀበለው። ርእሰ መምህሩ እየሮጡ መጡ።

«ምነው፣ ቅኔ ማኅሌት አደረግሽው እንዴ?»

«የምናዜመው የቆለፉበትን መጽሐፍ ነው። እስከዚህ በቃላችን ይዘነዋል፤ ቀሪው እርስዎ ቢሮ ነው» አልኩና ለቁልፉ እጄን ዘረጋሁ።